ሰፋሪው ነጋዴ ሲሆን፦ የአየር መንገዶች የቦታ ማስያዣ ኮምፒዩተሮችና የውድድር ታሪክ

በእህል ገበያ ሰፋሪው ራሱ እህል ሻጭ ከሆነ፣ ቁናው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የገዥውም የሌላው ሻጭም ልብ አያርፍም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በአየር ትራንስፖርት ገበያ የደረሰው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። አውሮፕላን የሚያበርሩ ኩባንያዎች የራሳቸውንም የተወዳዳሪዎቻቸውንም መቀመጫ የሚያሳየውንና የሚሸጠውን ኮምፒዩተር በባለቤትነት ያዙ። ከዚህም የተነሣ መንግሥታትን፣ ፍርድ ቤቶችንና የንግድ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ያከራከረ ጥያቄ ተወለደ። ይኸውም፣ ገበያውን በገንዘቡና በዕውቀቱ የሠራ ኩባንያ በዚያው ገበያ ውስጥ ሲነግድ ለራሱ ማድላት ይፈቀድለታልን? የሚል ነው።

የአየር መንገድ ሸቀጥ ልዩ ጠባይ አለው። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ያልተሸጠ መቀመጫ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም። መንገደኛውም የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ ሊያየው ስለማይችል፣ በረራው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነና ቦታ መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ሌላ ወገን ያስፈልገዋል። ስለዚህም በዚህ ንግድ ውስጥ ስለ መቀመጫው የሚሰጠው መረጃ ከመቀመጫው የማያንስ ዋጋ አለው። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር

እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ የአየር መንገዶች ቦታ የሚያስይዙት በካርድና በእርሳስ ነበር። ጸሐፊዎች በሚሽከረከር የካርድ ማስቀመጫ ዙሪያ ተቀምጠው የየበረራውን ካርድ ያወጣሉ፤ የተያዘውን መቀመጫ ምልክት ያደርጋሉ፤ ካርዱንም ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ከሩቅ የተቀመጡት ሠራተኞች ደግሞ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰፊ ሰሌዳ እያዩ የትኛው በረራ እንደ ሞላ ይረዱ ነበር። አንድን ጥያቄ ከመቀበል አንሥቶ ቲኬቱን እስከ መጻፍ ድረስ 90 ደቂቃ ያህል ይፈጅ እንደ ነበር ይነገራል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1946 «ሪዘርቫይዘር» የተባለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ተከለ። በ1952ም በማግኔት ከበሮ ላይ ቊጥር የሚይዝ የተሻሻለ ዓይነት አስገባ። ነገር ግን ሁለቱም መሣሪያዎች የመቀመጫውን ብዛት እንጂ የመንገደኛውን ስም አያውቁም ነበር። ስሙ አሁንም በካርድ ላይ ይጻፍ ነበርና ቊጥሩና ስሙ የማይገናኙበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በ1953 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝና የአይ.ቢ.ኤም. የሽያጭ ባለሙያ የነበረው ብሌር ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተገናኙ። የስማቸው መመሳሰል ያስጀመረው ጨዋታ ወደ ሥራ ጉዳይ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ አይ.ቢ.ኤም. ለአሜሪካ የአየር መከላከያ «ሴጅ» በተባለው ፕሮጀክት ይሠራ ነበር። ይህም ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ ራዳሮችን ከኮምፒዩተር ጋር በስልክ መስመር የሚያገናኝና መልሱን ወዲያውኑ የሚሰጥ ሥርዓት ነበር። የጠላትን አውሮፕላን ለመከታተል የታሰበው ዘዴ የመንገደኛን መቀመጫም ሊከታተል እንደሚችል ሁለቱ ሰዎች ተረዱ። ከጥናት በኋላ በ1959 ስምምነት ተፈረመ፤ ሥርዓቱም «ሴበር» ተባለ። በኒው ዮርክ ግዛት በብራያርክሊፍ ማነር በተተከሉ ሁለት አይ.ቢ.ኤም. 7090 ኮምፒዩተሮች እየተደገፈ በ1964 የኩባንያውን የቦታ ማስያዝ ሥራ ሙሉ በሙሉ ተረከበ። ወጪውም 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ነበር ይገመታል። ይህም በዚያን ዘመን ብዙ የጄት አውሮፕላን ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ነበር።

ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉ። አይ.ቢ.ኤም. ከሴበር ያገኘውን ትምህርት ለሌሎች አየር መንገዶች በሚሆን ፕሮግራም አዘጋጅቶ አቀረበ፤ ዩናይትድ ኤርላይንስም በ1971 «አፖሎ» የተባለውን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። እስከዚህ ድረስ ግን ነገሩ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነበር። ኮምፒዩተሩ የባለቤቱን መቀመጫ ለባለቤቱ ሠራተኞች ከማሳየት አላለፈምና ተወዳዳሪ የሚያማርርበት ምክንያት አልነበረም።

መሣሪያው ወደ ወኪሉ ጠረጴዛ ተሻገረ

የታሪኩ መዞሪያ 1976 ነው። ከዚያ በፊት የጉዞ ወኪል የበረራ ሰዓት የሚፈልገው በየጊዜው በሚታተም ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ከዚያም ስልክ አንሥቶ ወደየአየር መንገዱ ይደውላል፤ ቲኬቱንም በእጁ ይጽፋል። አየር መንገዶቹ ለወኪሎች ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጋራ ኮምፒዩተር ለማቋቋም መክረው ነበር። ነገር ግን ወጪው ከበደ፤ ጥቅማቸውም አልገጠመም፤ ውጥኑም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። በዚያው ዓመት ዩናይትድ አፖሎን በወኪሎች ቢሮ ውስጥ እንደሚተክል አስታወቀ። አሜሪካንም በሴበር፣ ቲ.ደብልዩ.ኤ.ም «ፓርስ» በተባለው ሥርዓቱ ተከተሉ። ኢስተርንና ዴልታም ቈየት ብለው የየራሳቸውን አመጡ። የጋራ ሊሆን ይችል የነበረው ገበያ እንዲህ ሆኖ በጥቂት ኩባንያዎች መካከል ተከፈለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1978፣ የአሜሪካ መንግሥት የአየር መንገዶችን ከዋጋና ከመስመር ቁጥጥር ነፃ የሚያወጣውን ሕግ አጸደቀ። ከ1938 ጀምሮ የትኛው ኩባንያ በየትኛው መስመር በስንት ዋጋ እንደሚበር ይወስን የነበረው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ ሥልጣኑ ደረጃ በደረጃ ተቀነሰ። አዳዲስ ኩባንያዎች ብቅ ብቅ አሉ። ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጥ ጀመር፤ በአንድ አውሮፕላን ላይ ብዙ ዓይነት ታሪፍ ተፈጠረ። በመጽሐፍ ይሠራ የነበረው ወኪል ከእንግዲህ ያለ ኮምፒዩተር ሊሠራ አልቻለም። መንገደኛውም በበኩሉ በዋጋው ብዛት ግራ ስለ ተጋባ ወደ ወኪል መሄድን አዘወተረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከቲኬቱ ሽያጭ ከግማሽ ያነሰውን ይይዙ የነበሩት ወኪሎች በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ሽያጭ በእጃቸው አስገቡ።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። ሕጉ የወጣው ውድድርን ለማስፋት ነበር። ሆኖም የውድድሩ መስፋት ራሱ ኮምፒዩተሩን የማይታለፍ በር አደረገው። አዲስ የተቋቋመ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊከራይ፣ አብራሪ ሊቀጥር፣ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ቅናሹን ለሕዝብ የሚያሳውቅበት መስኮት ግን ሊያወዳድረው በተነሣው ትልቅ ኩባንያ እጅ ነበር።

የመጀመሪያው መስመር

የዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር መስኮት ጠባብ ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጥቂት በረራዎችን ብቻ ነው። ወኪሉ ሥራ የበዛበት ሰው ነውና ብዙ ገጽ አይገልጥም። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1982 ባደረገው ጥናት ወኪሎች ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ የሚመርጡት በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን በረራ እንደ ሆነ፣ ከመቶው 92 ጊዜ ደግሞ የሚመርጡት በረራ ከመጀመሪያው ገጽ እንደማይወጣ ተገነዘበ። ማን በፊት፣ ማን በኋላ ይሰለፋል የሚለው ጉዳይ እንግዲህ የሥነ ሥርዓት ነገር ሳይሆን የገቢ ጉዳይ ሆነ።

የአሰላለፉ ዘዴ በግልጥ የሚታይ ማጭበርበር አልነበረም። ለእያንዳንዱ በረራ ነጥብ ይሰጣል፤ መንገደኛው ከጠየቀው ሰዓት ለራቀ፣ በመንገድ ላይ ለሚቆም ወይም አውሮፕላን ለሚያስለውጥ በረራ ነጥቡ ይቀነሳል። ባለቤቱ እነዚህን መለኪያዎች ለራሱ የበረራ ፕሮግራም በሚስማማ መንገድ ያስተካክላቸዋል፤ አልፎ ተርፎም የሌላ ኩባንያ መሆኑ ብቻ ነጥብ የሚያስቀንስበት ጊዜ ነበር። በ1981 መጨረሻ ኒው ዮርክ ኤር የተባለው አነስተኛ ኩባንያ ከላጋርዲያ ወደ ዲትሮይት በረራ በጀመረ ጊዜ፣ በረራዎቹ በሴበር መስኮት ላይ ወደ ታች ወረዱ። የሚያስይዘው መንገደኛ ተመናመነ፤ በቀን ስምንት ጊዜ ይበር የነበረው ኩባንያ በመጨረሻ መስመሩን ተወ። ኮንቲኔንታልም ከአሜሪካን ጋር በሚወዳደርባቸው 49 መስመሮች ላይ ያወጣው የቅናሽ ዋጋ በሴበር እንዳይታይ ተደርጓል የሚል አቤቱታ ተሰማ።

በ1983 ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ቀረበ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሮበርት ክራንዳል አድልዎ የለም ብሎ አልካደም። እንዲያውም ሥርዓቱ ከመጀመሪያው የተሠራው የራስን በረራ አስቀድሞ በማሳየት የገበያን ድርሻ ለማሳደግ እንደ ሆነ በግልጥ ተናገረ። ይህ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ኩባንያው ሌሎች በፈሩበት ጊዜ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ ለወኪሎችም መሣሪያውን ተክሏል፤ ሥራ አስተምሯል። የደከመ ሰው የድካሙን ፍሬ እንዳይበላ ቢከለከል ነገ ማን አዲስ ነገር ይሠራል? በሌላው ወገን ያሉት ግን፣ ወኪሉ ለመንገደኛው ገለልተኛ አማካሪ መስሎ እንደሚታይ፣ መንገደኛውም የሚያየው ዝርዝር በማን ፈቃድ እንደ ተሰለፈ እንደማያውቅ አመለከቱ። በራስ ሱቅ ውስጥ የራስን ዕቃ ፊት ለፊት መደርደር አንድ ነገር ነው፤ የሁሉም ነው ተብሎ በተከፈተ አዳራሽ ውስጥ የሌላውን ዕቃ ጨለማ ውስጥ ማኖር ሌላ ነገር ነው።

የ1984 ደንብና ውጤቱ

የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ በ1984 መጨረሻ ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የመጨረሻ ከሆኑት ታላላቅ ሥራዎቹ አንዱን ፈጸመ። በዚያው ዓመት በኅዳር ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የበረራ አሰላለፍ በኩባንያ ማንነት ላይ እንዳይመሠረት ከለከለ። ባለቤቶቹ ከአየር መንገዶች የሚቀበሉት የማስያዣ ክፍያ ለሁሉም እኩል እንዲሆን፣ ከወኪሎች ጋር የሚዋዋሉበት ጊዜ ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥ፣ ከሥርዓቱ የሚገኘው የሽያጭ መረጃም ለሚፈልግ ሁሉ በዋጋ እንዲቀርብ አዘዘ።

ደንቡ የሚታየውን አድልዎ አስወገደ ማለት ይቻላል። የማይታየውን ግን አልነካውም። ከደንቡ በፊት ለወዳጅ በነፃ፣ ለተወዳዳሪ እስከ 3 ዶላር ይደርስ የነበረው ክፍያ እኩል ሲደረግ፣ እኩልነቱ የመጣው በዝቅተኛው ላይ አልነበረም። ለሁሉም እኩል የሆነ ውድ ዋጋ ደግሞ ለባለቤቱ ከአንድ ኪሱ ወደ ሌላው የሚገባ ሲሆን፣ ለተወዳዳሪው እውነተኛ ወጪ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በ1988 ያወጣው ጥናትም ክፍያው ከአገልግሎቱ ወጪ እጅግ የላቀ መሆኑን አሳየ። ከዚህም ሌላ በአንድ ኩባንያ መሣሪያ የሚሠራ ወኪል አሰላለፉ እኩል በሆነበት ጊዜ እንኳ ወደዚያ ኩባንያ የማዘንበል ልማድ ነበረው። የባለቤቱ መቀመጫ ቊጥር የታመነ ነው፤ ቲኬቱ ቶሎ ይወጣል፤ ችግር ሲፈጠርም የሚነጋገረው ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። በመሣሪያው የውል ዘመን ውስጥ ወደ ሌላ ሥርዓት ለመዞር ቢፈልግም የሚጠየቀው ካሳ ከባድ ነበር።

መረጃውም ራሱ ኃይል ነበር። አሜሪካን በሴበር ያከማቸውን የሽያጭ ታሪክ በመጠቀም ከአንድ አውሮፕላን መቀመጫ ስንቱን በቅናሽ፣ ስንቱን በሙሉ ዋጋ መሸጥ እንደሚበጅ ማስላት ቻለ። በጥር 1985 የተወሰኑ መቀመጫዎችን አስቀድሞ ለሚገዛ ሰው ከርካሾቹ ኩባንያዎች ዋጋ ጋር በሚወዳደር ታሪፍ አቀረበ፤ ለሥራ የሚጓዘውን ደንበኛ ግን በሙሉ ዋጋ ያዘ። በአንድ ዓይነት ርካሽ ዋጋ ይታወቅ የነበረው ፒፕል ኤክስፕረስ ይህን የመሰለ መሣሪያ አልነበረውም፤ በ1986 ለቴክሳስ ኤር ለመሸጥ ተገደደ። ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ፈጥኖ መስፋፋቱና ፍሮንቲየርን መግዛቱ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሆኖም እዚህ ላይ የታየው የአሰላለፍ ማታለል አልነበረም። በሕግ የማይነቀፍ የሥራ ብልጫ ነበር። የነገሩ አስቸጋሪነትም በዚህ ይታያል፤ በሚገባ የተገኘው ብልጫና በማይገባ የተገኘው ጥቅም ከአንድ ማሽን ይወጡ ነበር።

ፍርድ ቤቶቹም ይህን መለየት ከበዳቸው። ከ1984 ጀምሮ በርካታ አየር መንገዶች ዩናይትድንና አሜሪካንን በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሱ። የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 በሰጠው ውሳኔ ከሳሾቹን ረታቸው። ፍርድ ቤቱ ያየው፣ ተከሳሾቹ በሥርዓታቸው መጠቀምን እንዳልከለከሉ፣ ክፍያውም ተወዳዳሪን ከአየር ትራንስፖርት ገበያ የማጥፋት ኃይል እንዳልሰጣቸው ነበር። ተወዳዳሪን ማስከፈል ተወዳዳሪን ማጥፋት አይደለም ማለት ነው። እንግዲህ ለተጎዱት ኩባንያዎች የቀረላቸው መጠጊያ ከሕጉ ይልቅ የመንግሥት ደንብ ሆነ፤ እርሱም በ1992 ተሻሽሎ ወኪሎች ሌላ መሣሪያ እንዲያስገቡ ቀለል አደረገላቸው።

ከአሜሪካ ውጪ

የአውሮፓ አየር መንገዶች የአሜሪካን ልምድ አይተው በ1987 ተደራጁ። ኤር ፍራንስ፣ ሉፍታንሳ፣ አይቤሪያና ኤስ.ኤ.ኤስ. «አማዴየስን»፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ኬ.ኤል.ኤም.፣ ስዊስኤርና ሌሎች ደግሞ «ጋሊሊዮን» አቋቋሙ። የጋራ ባለቤትነት አንዱ ለብቻው እንዳያደላ ይረዳል፤ ነገር ግን ከማኅበሩ ውጪ ያለውን አይጠብቅም። ከመሠረታቸውም አስቀድሞ የነበረውን አደጋ የሳቤና ጉዳይ ያሳያል። ለንደን ዩሮፒያን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ከሉተን ወደ ብራሰልስ ለመብረር ሲነሣ፣ የቤልጂጉ ሳቤና «ሳፊር» በተባለው ሥርዓቱ እንዳይገባ ከለከለው። ምክንያቱም ትንሹ ኩባንያ ያወጣው ዋጋ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑና የምድር አገልግሎቱን ለሳቤና አለመስጠቱ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በኅዳር 1988 ሳቤናን 100,000 ኤኩ ቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1989፣ የአውሮፓ ማኅበር ለእነዚህ ሥርዓቶች የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ።

ለአፍሪካና ለእስያ አየር መንገዶች ጉዳዩ ሌላ መልክ ነበረው። በውጭ አገር ከተሞች ያለው መንገደኛቸው የሚያስይዘው በሌሎች ኮምፒዩተሮች ነው፤ በአሰላለፉም በክፍያውም ድምፅ አልነበራቸውም። ሲንጋፖር ኤርላይንስና ካቴይ ፓሲፊክ በ1988 «አባከስን» ያቋቋሙት ይህን በመገንዘብ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በ1991 አባል አገሮች ሊከተሉት የሚገባ የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቆ በ1996 አሻሻለው። ደንቡ አስገዳጅ ኃይሉ የላላ ቢሆንም፣ አሰላለፍ የአገሮች ሁሉ ጉዳይ መሆኑን አስመስክሯል።

ባለቤቱ ተለወጠ፣ ጥያቄው ቀረ

በ1990ዎቹ መጨረሻ አየር መንገዶች ራሳቸው ከባለቤትነቱ መውጣት ጀመሩ። የአሜሪካን ኤርላይንስ እናት ኩባንያ በ1996 የሴበርን አክሲዮን በከፊል ሸጠ፤ በ2000 ሙሉ በሙሉ ተለያየ። ጋሊሊዮም በ1997 ወደ ሕዝብ የአክሲዮን ገበያ ወጣ። ኢንተርኔት ለመንገደኛው ሌላ በር ከፈተለት። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴርም ምክንያቱ አብቅቷል ብሎ በ2004 ደንቡን አነሣ። አውሮፓ ግን አንዳንድ አየር መንገዶች ገና ድርሻ ስለ ነበራቸው ደንቡን በ2009 አሻሽሎ አቈየው።

ሰፋሪው ከነጋዴው ሲለይ ክርክሩ ሊያበቃ ይገባ ነበር፤ አላበቃም። አሜሪካን ኤርላይንስ ለወኪሎች መቀመጫውን በቀጥታ ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ፣ ሴበር በጥር 2011 የቀድሞ ባለቤቱን በረራዎች ከአሰላለፉ ወደ ታች አወረዳቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ኤርን ያገኘው ነገር ማሽኑን የሠራውን ኩባንያ ራሱን አገኘው። አሜሪካን ከሰሰ፤ በ2012 በስምምነት ተጨረሰ። በዚያው ዓመት 2011 ዩ.ኤስ. ኤርዌይስ የመሠረተው ሌላ ክስ ደግሞ እስከ 2022 ዘለቀ። በመጨረሻም ዳኞቹ ሴበር ሕግ መጣሱን አምነው የፈረዱት ካሳ 1 ዶላር ብቻ ነበር። ሉፍታንሳም በ2015 በእነዚህ ሥርዓቶች በሚያዝ ቲኬት ላይ 16 ዩሮ ጨመረ። ቀድሞ አየር መንገዶች በተወዳዳሪ ላይ የጫኑትን ክፍያ አሁን ራሳቸው የሚሸሹት ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ውድድር የሚፈጠረው ሻጮች በመብዛታቸው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ገዥው ሻጮቹን የሚያይበት መስኮት ሚዛናዊ ካልሆነ ብዛታቸው አይጠቅምም። የ1978ቱ ሕግ አውጪዎች ዋጋንና መስመርን ነፃ ሲያወጡ ይህን አላሰቡትም፤ ለማረም ስድስት ዓመት ወሰደ፤ በዚያም መካከል ከገበያ የወጡት አልተመለሱም። ሁለተኛው፣ ኃይሉ ከባለቤትነት ሰነዱ ይልቅ ከመስኮቱ ቦታ የሚመነጭ መሆኑ ነው። ባለቤትነትን ማስለየት አንዱን ፈተና ያስወግዳል፤ በሻጭና በገዥ መካከል የሚቆም ሰው ግን የማንም ቢሆን የመንገዱን ቀረጥ ለመጨመርና ያልታዘዘውን ወደ ኋላ ለማሰለፍ ይፈተናል። ስለዚህ ገበያን የሚቆጣጠር መንግሥትም ሆነ በገበያው የሚሠራ ባለሙያ ዕቃው ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ዝርዝሩን ያሰለፈው ማን ነው? በምንስ መለኪያ? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።